የሉሊት ሳህን

ትብለጽ የምትኖረው ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ፣ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር የቤቱ ቆርቆሮ በሚንቀጠቀጥበት ሰፈር ነበር። ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ነበሯት። ወንዶቹ በየክረምቱ ሲመዘዙ የአምስት ዓመቷ ሉሊት ግን አምና የለበሰችው ቀሚስ ዘንድሮም ይሰፋት ነበር። ጠበል ተወሰደች። ዓይን በልቷት ይሆናል ተብሎ ክታብ ታሰረላት። ጠብ ያለ ነገር የለም።

ልጅ ያልወለደችው የናዝሬቷ እህቷ አስመረት ይህን ሰምታ፣ «እኔ ወስጄ አወፍራታለሁ፤ ለፋሲካ እመጣለሁ» ብላ ላከችባት። ትብለጽ እምቢ እንዳትል ልጅቷ ከሳች፤ እሺ እንዳትል ደግሞ አንጀቷ አልቆርጥ አላት።

ከገና በኋላ ስለ ሕፃናት አመጋገብ የሚያጠኑ ሰዎች ቀበሌው አዳራሽ መጥተው ልጆች ይመዝኑ ጀመር። ከመካከላቸው ሲስተር ለተብርሃን ሉሊትን ከሚዛኑ አወረደቻትና፣

«ትታመማለች?» አለች።

«ኧረ የለም፣ ሲስተር።»

«ምግብስ?»

«ከማዕድ ቀርታ አታውቅም።»

«እንግዲያው ስትበሉ መጥቼ ልያችሁ።»

የትብለጽ ባል ተወልደ የአሰብ መንገድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከማዕድ ሲቀርብ መኪናው ሞተሩ ሳይጠፋ ደጅ የቆመ ይመስል ይጎርሳል፤ ወንዶቹም ከእሱ ተምረዋል። ለተብርሃን በመጣችበት እሑድ ግን ትብለጽ ሁሉንም፣ «እንግዳ ፊት እንዳታዋርዱኝ!» ብላ አስጠንቅቃቸው ነበር። ስለዚህ ወንዶቹ ጥፍር የምታክል እየቆረሱ ተሽኮረመሙ። ተወልደም ከሚበላው ይልቅ «ብሉ እንጂ» ማለቱ በዛ። ሉሊት ብቻ እንደ ልማዷ፣ እያንዳንዷን ጉርሻ እያላመጠች፣ ፊቷ ያለውን አጸዳች።

ትብለጽ ደነገጠች። «ዛሬ ምን ነካት?»

ለተብርሃን ሳቀች። «እሷማ ያው ናት። ሁልጊዜ እንዲህ ቀስ ብላችሁ ነው የምትበሉት?»

«ኧረ!» አለ መካከለኛው ልጅ። «እንደዛሬ ከበላንማ እንሞታለን!»

ተወልደ ሳቁ አመለጠው፤ ትብለጽ አፈረች።

«አይፈሩ» አለች ለተብርሃን። «ብዙ ቤት አይተናል። የትንሽ ልጅ ሆድ ጠባብ ነው፤ አላምጦ ለመዋጥም ጊዜ ይፈጅበታል። ትሪው ላይ ታላላቆቿ ሲሽቀዳደሙ እሷ ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ታላምጣለች። እናት ደግሞ ልጇ ማዕድ ላይ መቀመጧን እንጂ ምን ያህል እንደበላች አታይም። ለብቻዋ በሳህን ያድርጉላት።»

«ለብቻዋ? ልጄ ምን በደለች? ለብቻው የሚበላ እኮ የታመመ ወይ የተጣላ ነው!»

«ሳህኗን ትሪው መሃል ያስቀምጡታ። አብራችሁ ናት ማለት ነው።»

እንዲሁ ሆነ። ወንዶቹ «ለኛስ?» ብለው አኮረፉ። ታላቁ ዓንዶም እጁን ወደ ሳህኑ ሲሰድ ተወልደ፣ «ቁም! እዚያ ኬላ አለ!» እያለ ያስቆመው ጀመር። ቤቱ በሳቅ መብላት ለመደ። ትብለጽም በየቀኑ ወደ ሳህኑ ታያለች፤ ባዶ ሲሆን ደስ ይላታል፤ ካልሆነም «አይዞሽ፣ ማንም አይነካብሽም» ትላታለች።

ለፋሲካ አስመረት ለሉሊት ያሰፋችውን ቀሚስ ይዛ መጣች። ብታለብሳት ከጀርባ አልቆለፍ አለ።

«ምን አበላችኋት?»

«ያንኑ የምንበላውን» አለች ትብለጽ።

«ታዲያ እኔ ማንን ልውሰድ?»

«እነዚህን ሦስት አንበጦች ውሰጃቸው» አለ ተወልደ። «በመኪናዬ ደጅሽ ድረስ አመጣልሻለሁ።»

አስመረት ሳቀች፤ ግን ሳቋ ቶሎ አለቀ። ከሕፃኗ አጠገብ ተቀምጣ፣ «ሉሊትዬ፣ ከአክስትሽ ጋር ናዝሬት አትሄጂም?» አለቻት።

የሉሊት አፍ ሙሉ ነበር። ሁሉም ጠበቃት። አላመጠች፣ አላመጠች። በመጨረሻ ሉሊት ዋጠችና፣

«ከሄድኩ ዓንዶም ሳህኔን ይወስደዋል» አለች።

አስመረት ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ ቀሚሱን አውልቃላት ገለበጠችውና ወደ እህቷ ዞረች።

«መርፌና ክር ስጪኝ። ጎኑን ላስፋላት።»