በአባቴ ሳንባ ዙሪያ የነበረው ውሃ

«ዛሬ እንኳ አፍሽን ዝጊ። ዶክተሩ ሲጠይቅ የምመልሰው እኔ ነኝ» አለችኝ አክስቴ፣ ሆሳዕና ውስጥ የሐኪሙ ክፍል በር ላይ ዓይን ዓይኔን እያየች።

የአባቴ ታላቅ እህት ናት። አባቴ ከቤታችን ቋንቋ ሌላ አማርኛም ይችላል፤ እሷ ባለችበት ግን እሱ አይናገርም፣ ታላቅ ናትና የምትናገርለት እሷ ናት። የቤታችን ደንብ ነው። ትንፋሽ አጥሮት ነው ከመንደራችን ከአንጋጫ ያመጣነው። ራጁ በሳንባው ዙሪያ ውሃ አሳየ። ሐኪሙ በጀርባው በኩል በመርፌ ቀድቶ ወደ ላብራቶሪ ላከው፤ ልቡንም ኩላሊቱንም አስመረመረ። እነሱ ደህና ናቸው።

«እንግዲህ ቲቢ ይሆናል፣ ካልሆነም ካንሰር» አለ ሐኪሙ። ውሃው ላይ የቲቢ ተህዋሲ አልተገኘም፤ ቲቢ ቢኖርም ውሃው ላይ ብዙ ጊዜ አይገኝም አለን። ስለዚህ እኛን ጠየቀ። ቤት ውስጥ የሚያስል፣ የቲቢ መድኃኒት የወሰደ ሰው አለ?

«የለም ዶክተር። ብርድ ነው የመታው» አለች አክስቴ።

አባቴ ወለል ወለሉን ያያል። እኔ መቀመጥ አቃተኝ። አለ እኮ! ታናሽ ወንድማቸው ከአባቴ ጋር አንድ ክፍል ነው የሚተኛው። የቲቢ ኪኒን ጀምሮ፣ ተጸልዮለት ሲሻለው በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት ቆሞ ተፈወስኩ ብሎ መሰከረ። እልልታው ገበያ ድረስ ተሰማ። ኪኒኑንም በዚያው ተወው። ከክረምት ወዲህ እንደገና ያስላል፤ በእኛ ቤት ግን እሱም ብርድ ነው። ጉባኤ ፊት የተመሰከረ ነገር ማን ደፍሮ ይመልሰዋል?

«አጎቴ ያስላል» አልኩ። «የቲቢ መድኃኒት ጀምሮ አቋርጧል።»

አክስቴ ክንዴን ጨመቀችው። «የእግዚአብሔርን ሥራ ውሸት ልታደርጊ ነው?»

«ኪኒኑን ያቋረጠው እግዚአብሔር ነው እንዴ?»

አባቴ ቀና ብሎ በአማርኛ ተናገረ፣ እህቱን ሳያይ።

«እውነቷን ነው ዶክተር። እኔንም ሌሊት ሌሊት ያልበኛል። ለማንም አልተናገርኩም።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። ይሄ ወደ ቲቢ ነው የሚወስደኝ አለ፤ ለማረጋገጥ ከሳንባው ሽፋን ትንሽ ናሙና እንደሚወስድ፣ ቲቢ ከሆነ ደግሞ በመድኃኒት እንደሚድን ነገረን። ወንድሙም ቶሎ መጥቶ አክታውን ማስመርመር አለበት አለ።

«አይመጣም» አለች አክስቴ፣ ድምጿ ወርዶ። «በምን ፊቱ ይመጣል?»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ሂጂ አምጪው። ወንድምህ ጠራህ በይው።»

ጃኬቴን አንስቼ መናኸሪያ ወረድኩ፤ የአንጋጫው ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ቀርቶት ነበር፣ ገባሁ።