የበርበሬ ሳል

ቡሬ ከተማ በርበሬ ነጋዴ ቤት ያደገ ሰው ሳል አያስደነግጠውም። መጋዘናችን ውስጥ ዛላው ከጆንያ ሲገለበጥ ሻጩም ተሸካሚውም እኔም አብረን እንስላለን፤ ዓይናችንን እየጠረግን ዋጋ እንከራከራለን። ማንም ማንንም «ምን ሆንክ?» አይልም።

እኔ ደግሞ ተጠራጣሪ ነኝ። ሚዛን እንዲያነሳለት በርበሬውን ውሃ ረጭቶ የሚያመጣ አይጠፋም፤ ስለዚህ ሻጩ የቱንም ያህል ቢምልልኝ እጄን እስከ ክርኔ ጆንያው ውስጥ ሳልከት አልገዛም። ይህ አመሌ ቤት ስገባም አይለቀኝም። እናቴ «አንችን ያገባ ሰው ወዮለት!» ትለኛለች።

እሷን መጠርጠር የጀመርኩት መጋዘን መግባት ስታበዛ ነው። የመገጣጠሚያ በሽታ ጣቶቿን አጣጥፎ ዓመታት ካሠቃያት በኋላ ባሕር ዳር ያለ ሐኪም መድኃኒት ጀምሮላት ነበር። ጣቶቿ ተፈቱ። በገዛ እጇ እንጀራ ጠቅልላ የበላች ቀን ስታለቅስ አይቻታለሁ። ሐኪሙ ግን መድኃኒቱ የሰውነቷን መከላከያ እንደሚያዳክም፣ ሳል ወይም ትኩሳት ከመጣ ቶሎ መታከም እንዳለባት፣ ምናልባት መድኃኒቱም እንደሚቆም ነግሮን ነበር።

ታዲያ ገበያ በሌለበት ቀን፣ የሚገለበጥ ጆንያ ሳይኖር፣ እናቴ ከሳሎን ብድግ ብላ መጋዘን ትገባለች። ምን ልትሠራ? «ልቃኘው ብዬ» ትላለች። መጀመሪያ ለአጎቴ በርበሬ እየቀነሰች ትልካለች ብዬ ጠረጠርኩ፤ ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ባይ ግን የጎደለ የለም። አንድ ቀን ተከተልኳትና በሩ ጥግ ቆምኩ። ጆንያ ላይ ተቀምጣ ደረቅ ሳል፣ ትንፋሽ የሚያሳጣ ሳል ትስላለች። የበርበሬ ሳል ያለ እንባና ያለ ንፍጥ አይሄድም፤ የእሷ ዓይን ደረቅ ነበር።

«እማ፣ ምን ሆነሻል?»

«በርበሬው ነዋ!»

«የትኛው በርበሬ? ጆንያው ሁሉ እንደተሰፋ ነው።»

«ወይ አንች ልጅ! ሰውን ሁሉ ጠርጥረሽ ጨረስሽና ወደ እኔ መጣሽ?»

እየተነጫነጨች ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ወሰድኳት። ባለሙያው በርበሬ ነጋዴዎች መሆናችንን ሲሰማ ፈገግ አለ፤ ስለ ሌላ መድኃኒት እንኳ ሳይጠይቀን፣ ትኩሳት የላትም ብሎ ሽሮፕ ሰጠን። እናቴ ደስታዋ አላስችል አላት። ያ ደስታዋ ጭራሽ አላማረኝም። ስንመለስ ደግሞ በየደረሰችበት ትቆማለች፤ ሻርፗን የምታስተካክል ትመስላለች እንጂ ትንፋሽ አጥሯት ነው። በማግስቱ እየተቆጣችኝ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ይዣት ሄድኩ።

ሆስፒታል ጣቷ ላይ መለኪያ እንዳደረጉላት ሐኪሙ ወዲያው ኦክስጅን አስመጣ። ራጅ አስነሣት። ከዚያ አጠገቧ ቁጭ አለና፣

«እማማ፣ የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት አለ?» አላት።

«ኧረ ምንም የለ፣ ልጄ።»

ሶላት የማታሳልፈው እናቴ ፊት ለፊቴ ዋሸች፤ በዓይኗም ለመነችኝ። ያኔ ሁሉም ገባኝ። መጋዘን የምትገባው ሳል የማያስጠይቅበት ቦታ ፈልጋ ነበር። መድኃኒቱን አስቁመው ጣቶቿን እንዳይወስዱባት እየተጠነቀቀች፣ ትንፋሿን እያጣች። ተናደድኩ፤ አንጀቴንም በላችኝ። ቦርሳዋን ከፍቼ መድኃኒቱን ሐኪሙ እጅ ላይ አስቀመጥኩ።

«ይህንን ትወስዳለች።»

ሐኪሙ አገላብጦ አየው፤ ፊቱ ተለወጠ። የሳንባ ምች እንደያዛት፣ መከላከያው የደከመ ሰው ላይ የሚበረታ ዓይነት ሳይሆን እንዳልቀረ፣ ትኩሳቱንም የደበቀው መድኃኒቷ ሊሆን እንደሚችል አስረዳኝ። ሕክምናው ከተለመደው የተለየ ነው አለ። የመገጣጠሚያው መድኃኒት ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ወደ እኔም ብዙ ቀን አልመለሰችውም።

አልሐምዱሊላህ፣ ዳነች። ጣቶቿ ግን ቀስ በቀስ ተመልሰው ታጠፉ። የባሕር ዳሩ ሐኪም ሳንባዋ እስኪጠነክር እንታገስ ይላል። ከሶላት በፊት የምትታጠበውን ውዱእ የማስደርጋት እኔ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ውሃ ላስገባ ጣቶቿን ስዘረጋቸው አመማት።

«አንች ባትጠረጥሪ ኖሮ…» አለች።

ጠበቅኳት፤ አልጨረሰችውም። ሞቼ ነበር ልትል ይሁን፣ እጄ ይኖረኝ ነበር ልትል፣ አላውቅም። መጠየቅ ፈራሁ። በእርጥብ እጄ ራሷን አብሼ እግሯን ወደማጠብ ዞርኩ።