የጨመዳ ኤሊ

ጨመዳ መርከበኛ ነበርኩ ባይ ነው። ሆዳም! ዝናብ የጣለ ቀን የነቀምቴ መናኸሪያን ኩሬ ዞሮ የሚያልፍ ፈሪ፣ እታገኝ ቤት ማዕድ ሲቀርብለት ግን ምጽዋን፣ ማዕበሉን፣ መድፉን ያወራል። አፉ ሥራ የሚፈታው ሲጎርስ ብቻ ነው።

እታገኝ ትንቀዋለች፤ ግን ታበላዋለች። ግድግዳዋ ላይ የተሰቀለውን የኤሊ ቅርፊት ደርግ በወደቀ ሰሞን ያመጣላት እሱ ነዋ! ባሕር ኃይል የነበረው ወንድሟ ወንድምአገኝ እጄ ላይ ሞተ፣ ባሕር ውስጥ ተቀበረ፣ ኤሊዋንም አብረን ነው የያዝናት ብሎ ነገራት። የወንድሜ ጓደኛ ብላ አስጠጋችው፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት አለፈው፣ እንደ መዥገር ተጣብቆባት።

ባለፈው እሑድ፣ ጨመዳ ምሳ እየበላ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው ተከራይዋ፣ የባዮሎጂ አስተማሪው ደጉ፣ ቅርፊቱን አውርዶ አገላበጠው።

«እውነትም የባሕር ናት፣ እትዬ» አለ። «የየብስ ኤሊ ጀርባዋ ጉብ ያለ ነው፤ ይቺ ዝርግ ናት። በግራና በቀኝ አራት አራት ሰፋፊ ቅርፊት፣ እንደ ጣራ ቆርቆሮ የተደራረበ። አፏ እንደ ጭልፊት የቆለመመው ዓይነት ናት።»

ጨመዳ ደረቱን ነፋ። «ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ አላልኩሽም? ወንድምሽ ሲይዛት እኮ ጭንቅላቷንም እግሯንም ሰብስባ ጥልቅ አለች!»

ደጉ ሳቁ አመለጠው። «ኧረ ጋሼ! የባሕር ኤሊ ጭንቅላቷን ማስገባት አትችልም። እግር የሚሉትም መቅዘፊያ ነው፤ እሱም አይሰበሰብም። እርስዎ ያዩት እዚሁ አንገር ጉቲን ማሳ ውስጥ የሚድኸውን የየብስ ኤሊ ነው።»

እታገኝ ጭልፋውን አስቀመጠች። «ቅርፊቱን ማን ሰጠህ?»

ጨመዳ ሌላ ጉርሻ ጠቀለለ።

«ማን ሰጠህ አልኩ፣ አንተ ቀጣፊ!»

«ራሱ ወንድምሽ ነዋ» አለ ጨመዳ ወጡን እያየ። «አኖ ላይ፣ ታሞ መንገድ ዳር ተኝቶ። ነቀምቴ እህት አለችኝ፣ ይሄን ስጣትና መጥታ ትውሰደኝ አለኝ።»

«በሕይወት ነበር?»

«መሞቱማ አይቀርም ነበር። እኔም ርቦኝ ነበር። ጓደኛው ነኝ ስልሽ አበላሽኝ... ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ...»

አኖ! አዲስ አበባ በሄደች ቁጥር በአውቶቡስ የምታልፍበት፣ በመስኮት በቆሎ ጥብስ የምትገዛበት አኖ። እታገኝ ቅርፊቱን ከደጉ ተቀብላ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው።

«ተነስ» አለችው። «አሁኑኑ አኖ ወስደህ የተኛበትን ታሳየኛለህ።»

ጨመዳ ሳህኑን አየ፣ እሷን አየ።

«ይቺን ልጨርስና?» አላት።