አባቴ ጋሪ ነው ያልኩ ቀን

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ ጠዋት ከሀና ማርያም እስከ ላፍቶ በእግሬ የምሄደው ድርሰት ለመማር ነበር። የቀበሌው ወጣት ማኅበር የደሃ ልጆችን ሰብስቦ በአዳራሹ ውስጥ መጻፍ ያስተምረን ነበር። የጣውላው ወለል በናፍጣ ስለሚወለወል ሽታው እስከ ማታ ከደብተሬ አይለቅም። አስተማሪያችን ጋሽ ታደሰ በሥራ ቀን ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚቀባ ሰው ነበርና ከጥፍሩ ሥር ቀለም አይጠፋም።

አንድ ቅዳሜ ስለ ወላጆቻችን እንድንጽፍ አዘዘን። እቤታችን የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ የለመድኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው። ሳላስበው «አባቴ ጋሪ ነው» ብዬ ጀመርኩ። በኦሮምኛ ጋሪ ማለት ጥሩ፣ ደግ ማለት ነው። ጮክ ብዬ ሳነበው ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

«ፈረሱስ የታል?» አለ ከሁላችን ምላሰኛው መስፍን።

«ሣር ይጋጥ ብላ ደጅ አስራው ነዋ!» አለች አጠገቡ ያለችው።

ከዚያ ወዲያ ስሜ «የጋሪው ልጅ» ሆነ። ቃሉን ልሰርዝ እርሳሴን ሳነሳ ጋሽ ታደሰ ምን ለማለት እንደፈለግሁ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «አትሰርዢው ደጊቱ። ለምን ጋሪ እንደሆነ ጻፊልን፤ ከዚያ በኋላ የሚስቅ ይሳቅ» አለኝ። እኔም ጻፍኩ። በክረምት ወንዙ ሲሞላ አባቴ እኔንና ታናሼን ተሸክሞ እንደሚያሻግረን፣ ተመልሶም የጎረቤት ልጆችን አንድ በአንድ እንደሚያሻግር።

የከበደኝ የወላጆች ቀን ነው። ጽሑፋችንን በሰው ፊት ልናነብ ነው። በእኔ መሳቃቸውን ለምጄዋለሁ፤ አባቴ ፊት ለፊቴ ሲሳቅበት ማየት ግን አልችልም ነበር። አማርኛው ከገበያ አያልፍም። ስለዚህ ሳልነግረው ቀረሁ። ጋሽ ታደሰ ግን ሰው ልኮ አስጠርቶት ኖሯል፤ ጋቢውን ለብሶ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አየሁት።

ቃሉን ልለውጠው አስቤ ነበር። እሱን እያየሁ ግን ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

«አባቴ ጋሪ ነው» አልኩ።

ሳቁ ወዲያው ተነሣ። አባቴም ሳቀ፤ እንዲያውም ከሁሉም በላይ። ሁለቱንም ትርጉም ያውቅ ነበር ለካ። ብድግ ብሎ በተሰባበረ አማርኛው «እውነቷን ነው! እኔ ፈረስ ብቻ ነው የለኝ!» አለ። መስፍን ሳይቀር አጨበጨበለት። የቀረውን ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ወንዙ ጋ ስደርስ አባቴ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳብ አደረገው።

ዛሬ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስጽፍ መዝገበ ቃላት ከአጠገቤ አይለይም፤ እንደ ድሮው አልሳሳትም፣ እንደ ድሮው ግን ደፋር አይደለሁም። ያን ቀን አትሰርዢ የሚለኝ ባይኖር ኖሮ ዳግመኛ እርሳስ የማነሳ አይመስለኝም። ጋሽ ታደሰን ያኔ አላመሰገንኩትም፤ ልጅ ምስጋና መቼ ያውቃል? አሁን ባለበት እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ።

ባለፈው እረፍት ቤት ስሄድ አባቴን ያን ቀን አፍሮብኝ እንደነበር ጠየቅሁት።

«ምን ያሳፍራል?» አለኝ በቋንቋችን። «ከመታወቂያዬ በቀር ስለ እኔ የተጻፈ ነገር እኮ አልነበረም።»