ሁለት ለሷ፣ ሁለት ለሱ

አራት ጎማ ወንድምና እህት ያጣላል ወይ እያላችሁ በየጠላ ቤቱ የምትስቁ ሰዎች፣ እስቲ ዛሬ እኔን ስሙኝ። ሙላቴ እባላለሁ። ደብረ ታቦር መናኸሪያው ጀርባ ጎሚስታ ነኝ፤ ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ብዙ ጊዜ ችዬ ነበር። አሁን ግን ያላየ ሁሉ እየተነሳ ሲፈርድ መስማት ጨጓራዬን ላጠው። ያየሁትን እናገራለሁ፣ የሚቀየመኝ ይቀየመኝ።

አለምወርቅ የጉና ልጅ ናት። ከክምር ድንጋይ አስፋልቱን ለቆ ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፤ አገሩ ገብስና ድንች፣ በግና ብርድ ነው። ልጅ ሆና ድንች በጀርባዋ አዝላ ገበያ ትወርድ ነበር። ኋላ ጅዳ ሄደች። የሰው ቤት ስታጥብ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ ወጣትነቷ እዚያው አለቀ። የላከችው ግን እዚህ ቆሞ ይታያል። እናቷ እትየ ትእዛዝ ከተማ ገብተው የተቀመጡበት ቆርቆሮ ቤት የሷ ላብ ነው። ታላቅ ወንድሟ ፋንታው ባሕር ዳር የሚመላለስበት ሚኒባስም አብዛኛው የሷ ላብ ነው። ፋንታው ራሱ ይህን አይክድም፤ እህቴ እኮ ናት ይላል። አዎ፣ እህቱ ናት። ለዚህም ነው ገንዘቧ ውስጥ እንደ ገዛ ጓዳው ሳያንኳኳ የሚገባው።

ስትመለስ ሱቅ ክፈቺ አሏት፣ ባል አግቢ አሏት። እሷ መንጃ ፈቃድ አወጣችና አሮጌ ቴሪዮስ ገዛች። አገር ሳቀ። ሴት ልጅ ጉና ላይ መኪና ልትነዳ! የሳቁት ሰዎች ክረምት ሲገባ ነው አፋቸውን የያዙት። ሚኒባስ ማጡን ፈርቶ ክምር ድንጋይ ላይ ሲያራግፋቸው፣ ባጃጁ ጭራሽ ሳይነሳ ሲቀር፣ መምህራኑን፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞቹን፣ ልጇን ሐኪም አሳይታ የምትመለሰውን እናት ጭና የምትወጣ እሷ ሆነች። ቴሪዮስ ትንሽ ብትሆንም አራቱም ጎማዋ ይጎትታል፤ ሁለቱ ቢሰምጡ ሁለቱ ያወጧታል። መንገዱ ተዘጋ ሲባል ትቀመጣለች፣ ተከፈተ ሲባል ትወጣለች። እንዲህ እያለች በሰው ቤት ሳይሆን በራሷ እጅ መብላት ጀመረች።

አንድ ቀን ጎማ እያስነፋች ሳለ ድንገት የተናገረችኝ ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

«ሙላቴ፣ ይህች መኪና ከቆመች እኔ ተመልሼ ጅዳ ነኝ። ጅዳ ሁለተኛ ከሄድኩ ደግሞ የምመጣ አይመስለኝም።»

እዚያ ምን እንደደረሰባት አልጠየቅኋትም። ፊቷን ያየ አይጠይቅም።

ዘንድሮ ክረምቱ ሊገባ ሲል የድሮዎቹ ጎማዎች ጥርሳቸው አልቆ ሊሾ ሆነው ነበር። አብረን ሄደን እንምረጥ አለችኝና ጎማ መሸጫው ሄድን። ባለሱቁ የሚያወራው ከኔ ጋር ነው። እሷ ትጠይቀዋለች፣ እሱ ለኔ ይመልሳል። በመጨረሻ ዞር አለላትና፣ ለሴት ልጅ ለስላሳው ጎማ ይሻላል፣ ድምፅ የለውም፣ ለአስፋልት ምቹ ነው አላት። ማጡ ሴት ናት ብሎ ይምረኛል ወይ ብላ መለሰችለት። ተናደደና ትልልቅ ጥርስ ያለውን፣ የጭነት መኪና የሚመስለውን አወጣ። እሱንም አልፈለገችም። ከዚህ እስከ ክምር ድንጋይ አስፋልት ነው፤ ያ ጎማ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዝ ይንሸራተታል። እሷ የመረጠችው መካከለኛውን ነው፤ መሐሉ ጠበቅ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ጭቃ የሚተፋ ጥርስ ያለውን። በዚያ አልበቃትም። ቁጢጥ ብላ ጎኑ ላይ የተሠራበትን ዘመን አነበበች። አንዱ ከሌሎቹ ቀድሞ የተሠራ፣ መጋዘን የከረመ ሆኖ አገኘችውና ለውጥልኝ አለችው። ባለሱቁ እያጉረመረመ ለወጠ። አራቱም አንድ ዓይነት፣ የአንድ ዘመን።

አራቱ አንድ መሆናቸው ቅብጠት አይደለም። አዲስ ጎማ ካለቀው ጎማ በውፍረት ይበልጣል። ሁልጊዜ አራቱም በሚጎትት መኪና ላይ ፊቱን አዲስ፣ ኋላውን ያለቀ ብታደርግ፣ አንዱ ሲፈጥን አንዱ ሲዘገይ ፊትና ኋላውን የሚያገናኘው መሐል ያለው የብረት ጥርሳጥርስ ዕረፍት አጥቶ ይፋጫል። ረጅምና አጭር በሬ አንድ ቀንበር ላይ ጠምዶ ያረሰ ሰው ይህን ከኔ መስማት አያስፈልገውም።

የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ መንፊያዬ አልሠራም አለ። ቴሪዮስ ተሳፋሪ ይዛለች። ስለዚህ ጎማዎቹ በፋንታው ሚኒባስ ተጭነው እናቷ ቤት እንዲያድሩ ተደረገ። በማግሥቱ መብራት መጣ፣ አለምወርቅም መጣች፣ ጎማዎቹ ግን ሁለት ናቸው። ሁለቱ የት ሄዱ ቢባል፣ ፋንታው ገና ጎሕ ሲቀድ ባሕር ዳር መንገድ ሐሙሲት ላይ ሚኒባሱ ፊት አስገጥሟቸዋል። የሚኒባሱ ቸርኬ አስራ አምስት ኢንች፣ የሷም አስራ አምስት፣ ገጠመለታ!

ደውላ ጠየቀችው። እኔ እየሰማሁ፣ መኪና የሚጎተተው በፊት ነው፣ ኋላው ተከታይ ነው፣ ላንቺ ሁለቱ ይበቁሻል አላት። ቀጥሎም፣ እኔ በቀን ስንት ሰው ነው የምጭነው፣ አንቺ ስንት ነው የምትጭኚው አለ። መልስ አለችው፣ አልመልስም አለ። ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ አለች። ይህን ጊዜ ነው ነገሩ ሽማግሌ ጋ የሮጠው፤ በኛ አገር ሰው ንብረቱ ሲወሰድ ማንም አይደነግጥም፣ ወንድሜን እከሳለሁ ሲል ግን አገር ይነሳል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አያ ይሻው ግቢ ተቀመጥን። አያ ይሻው የሰፈሩ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ብዙ ባልና ሚስት አስታርቀዋል፣ ደም አድርቀዋል፣ ይህን አልክድም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ብለው ጀመሩ። እኔም ከሥሩ ሊሰሙ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጎማ የምታውቅ አንተ ነህ ተብዬ ተጠርቼ ስለነበር ተነሥቼ ያወቅሁትን ተናገርኩ። አራቱ ካልተካከሉ የሷ መኪና ትሰበራለች አልኩ። እነዚያ ሁለቱም የትንሽ መኪና ጎማ ስለሆኑ የሚኒባስ ጭነት አይችሉም፣ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ይፈነዱና ሰው ይጨርሳሉ አልኩ። ለሁለቱም አይበጅም አልኩ።

አያ ይሻው ሰምተው ሲያበቁ ፈገግ አሉ። አንተ ጎማህን ለጥፍ፣ ይህ የዘመድ ነገር ነው አሉኝ። ከዚያ ፈረዱ። ጎማው አራት ነው፣ ልጆቹ ሁለት ናቸው፤ ሁለት ለሷ፣ ሁለት ለሱ። ጎማ ይመጣል፣ ጎማ ይሄዳል፣ ወንድም ግን ከገበያ አይገዛም። አንተም ተው፣ አንቺም ተይ።

ደሜ ፈላ። ፋንታው የቱን ነው የተወው? እስቲ የተወውን አንድ ነገር ቆጥራችሁ ንገሩኝ! የሰው ንብረት ይዞ የመጣ ሰው ግማሹን ይዞ ሲሄድ ተወ ይባላል? የተቀማችው ደግሞ ግማሹን ስላገኘች ተመስገን ትበል? ይህ እርቅ ከሆነ ሌባ ሁሉ ሽማግሌ ይጥራ።

አለምወርቅም አልቀበልም ብላ ተነሥታ ነበር። እትየ ትእዛዝ ናቸው የመለሷት። ነጠላቸውን አደግድገው መሐል ገቡና፣ ባጠባሁሽ ጡት ብለው ለመኗት። እናት በጡቷ ከለመነች ምን ይባላል? አለምወርቅ ሄዳ ጎንበስ አለችና የፋንታውን ጉልበት ሳመች። የተበደለችው ተንበርክካ፣ የበደላት ወንበር ላይ ተቀምጦ! ሰዉ እልል አለ። እኔ ጠላዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ሁለቱን አዲሶች ፊት፣ ሁለቱን ሊሾዎች ኋላ ገጠምኩላት። ሌላ ሁለት ለመግዛት አቅም አልነበራትም፤ ካልሠራች አትገዛም፣ ከሠራች መኪናዋ ትሰበራለች። ማጥ ላይስ ጎማው እየተንሸራተተ ጥርሳጥርሱን ያሳርፈዋል፤ የሚገድላት እስከ ክምር ድንጋይ ያለው አስፋልት ነው። ቀስ ብላ ትነዳ ነበር። ስትመለስ የመኪናዋ ሆድ ሥር ጆሮዋን ትደቅናለች፣ እኔም እደቅናለሁ። መጀመሪያ ማጉረምረም ነበር። ኋላ የተቃጠለ ዘይት ሸተተ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ መምህራን ጭና ወደ ጉና ስትወጣ፣ አቀበቱ መሐል አንድ ነገር ጓ አለና መኪናዋ ቀጥ አለች። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። መምህራኑ በእግራቸው ወጡ፤ እሷ ዝናብ እየወረደባት መኪናዋን ስትጠብቅ ዋለች። መኪናዋ በአይሱዙ ተጎትታ ወርዳ እኔ ግቢ ቆመች። መካኒክ ከፍቶ ሲያያት ካምቢዮዋ ውስጥ ያለው ጥርሳጥርስ ተፈጭቶ እንደ አሻሮ ሆኗል።

ፋንታው መጣና ዞር ዞር ብሎ አያት። ድሮም አሮጌ ነበረች አለ። አያ ይሻው ደግሞ የእግዜር ሥራ ነው፣ ምን ይደረጋል አሉ። እግዜርን ምን አገባው! እግዜር አራት ጎማ ለሁለት አልከፈለ!

ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ መላ መታ። መላውም ጅዳ ነው። እዚያ ያለች የአጎት ልጅ ቪዛ ታስልክላታለች፣ ለጥቂት ጊዜ ሠርታ ትመለሳለች፣ ለመኪናዋም ለቤቱም ይሆናል። አለምወርቅም እሺ አለች፤ ምን ትበል? የምትበላበት እጇ ተቆርጧል።

የምትሄድ ዕለት ፋንታው በራሴ መኪና ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ በነፃ አደርሳታለሁ ብሎ አወጀ። ሰውም መረቀው፤ ደግ ወንድም አለው። ሚኒባሱ ዘመድ ሞልቶ፣ እትየ ትእዛዝ ከፊት፣ አያ ይሻው ከኋላቸው ተቀምጠው ሲመጡ፣ ሙላቴን ልሰናበተው ብላ እኔ ጋ አስቆመቻቸው። ወረደች። እጇን ትዘረጋልኛለች ብዬ እጄን በጨርቅ ጠረግሁ። እሷ ግን እኔን አላየችም፤ የሚኒባሱን የፊት ጎማ ነው የምታየው።

«እነዚህን ሁለቱን አውርድልኝ» አለች።

ፋንታው ቀልድ መስሎት ሳቀ። አውሮፕላኑ ያመልጥሻል፣ ግቢ አላት። አልገባችም። አያ ይሻው በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ ልጄ፣ ሽማግሌ ያሰረው አይፈታም፣ ኋላ መዘዝ አለው አሏት። እሷም ዞራ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ መለሰችላቸው።

«አያ ይሻው፣ እርስዎ ያሉትን ሰምቼ ጉልበት ስሜያለሁ። መኪናዬ ሞተች፣ ዝም አልኩ። ሂጂ ብላችሁኝም እሺ አልኩ። በገዛ ጎማዬ ግን አትሸኙኝም።»

በዚህ መሐል የፊቱ በር ተከፈተና እትየ ትእዛዝ በሩን እየተደገፉ ወረዱ። ሁላችንም እንደገና በጡታቸው ሊለምኗት ነው ብለን ነበር። እሳቸው ግን ልጃቸውን አልፈው ጎማው ጋ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ጥርሱን በጣታቸው ዳበሱት፤ ገና አዲስ ነው።

«ይኸ ነው?» አሉኝ።

«ይኸ ነው፣ እትየ» አልኩ።

«ለዚህ ነው ልጄን ሁለተኛ የምልካት?» አሉ። ቀና አሉና ነጠላቸውን አጣፉ፤ «ፍታው» አሉኝ።

ክሪኩን ከሚኒባሱ ሥር አስገባሁ። ፋንታው ሮጦ ወርዶ ክንዴን ያዘኝ፤ እናቱ ሲያዩት ለቀቀኝ። ተሳፋሪው አንድ በአንድ መውረድ ጀመረ። አለምወርቅ ማንንም ሳትጠይቅ ሚኒባሱ ላይ ወጣችና ሻንጣዋን ራሷ አወረደች።