ቦታው አልተለቀቀም

በመድፈኛ ሻለቃችን መድፉ ዘንድ ሰው በስሙ አይጠራም ነበር። አነጣጣሪው አንድ ቁጥር፣ እኔ ጥይት አጉራሹ ሁለት ቁጥር፣ ጥይቱን የሚያቀብለኝ የደሃናው ሰው ሦስት ቁጥር። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «እኔን ካጎረስኸኝ ያን ብረት ያጎረስኸው ይበልጣል» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

በየዓመቱ በጥር የሻለቃው ቀን ሲከበር የመድፉ አዛዥ ቁጥራችንን ይጠራል፤ በሕይወት ያለው «አለሁ!» ይላል። የሞተ ሰው ቁጥር ሲጠራ ግን ከጎኑ ይቆም የነበረው ጓደኛው «ቦታው አልተለቀቀም!» ብሎ ይመልስለታል። ሽማግሌዎቹ አሥር አለቆች እንደነገሩን፣ ድሮ አነጣጣሪው የወደቀበትን መድፍ ወደ ኋላ ሊስቡት ሲሉ አጉራሹ የተናገረው ቃል ነው። እውነት ይሁን ተረት አላውቅም፤ እኔ ግን አምኜው ኖሬያለሁ። ያን መልስ ባለቤቱ፣ ሟቹ፣ ሰምቶት አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ?

ሻለቃው ተበትኖ ወደ ሰቆጣ ከተመለስሁ ወዲህ ጥር ሲገባ ሆዴ ይባባል። ሰልፉ ይናፍቀኛል፣ የመድፉ ቅባት ሽታ ይናፍቀኛል። ያ ሁሉ መከራ እንዴት እንደሚናፍቅ ለልጆቼ ማስረዳት አቅቶኝ ትቼዋለሁ። አነጣጣሪያችን ሞቷል፤ ሌሎቹ የት እንደገቡ አላውቅም። የቀረኝ የደሃናው ብቻ ነው። በየዓመቱ ጥር እሱ ዘንድ እየሄድሁ ሁለታችን ቁጥር እንጠራለን። ስሞት የሚመልስልኝ ከእሱ በቀር ማንም የለም፤ ስለዚህ እንዳይቀድመኝ እፈራለሁ።

ዘንድሮ ከአምደወርቅ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት በእግሬ ወርጄ ስደርስ ሴት ልጁ ደጃፍ ላይ ተቀበለችኝ።

«አያ፣ ዘንድሮስ ጭራሹን አይሰማም። እንዳው በከንቱ እንዳይለፉ» አለችኝ።

መድፉ ጆሮውን በጥቂት በጥቂቱ ሲበላው ኖሮ ክረምቱ ጨረሰው። አውድማው ዳር፣ የገብስ ጭድ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሲያየኝ ተነሥቶ አቀፈኝና ሳልነግረው ቀጥ ብሎ ቆመ። ተኩስ ሲበዛ አዛዣችን በጣት ይጠራን ስለነበር እኔም አንድ ጣቴን አነሣሁ።

«ቦታው አልተለቀቀም!» አለ፣ የገዛ ድምፁን እንደማይሰማ ሰው ጮኾ።

ሁለት ጣት አነሣሁ። የኔ ነው። «አለሁ» ልል አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ቦታው አልተለቀቀም!»

ልጂቱ አፈረች። «ኧረ አባዬ፣ እሳቸው እኮ ቆመዋል!» ብላ እጁን ያዘችው። ተይው አልኋት። የመጣብኝ ደስታ ይሁን ለቅሶ መለየት አቃተኝ። ከእኛ መካከል ይህን በቁሙ የሰማ ማን አለ?

ሦስት ጣት፣ የእሱን ቁጥር፣ አነሣሁ። «አለሁ» አላለም። ዓይኑን አፌ ላይ ተክሎ ይጠብቀኝ ጀመር። ያኔ ቅድም እንዳልተሳሳተ ገባኝ። ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ «ቦታው አልተለቀቀም!» አልሁለት፤ የማዶ ጎረቤቶች ሳይቀሩ ወጥተው አዩን።

እሱ ብቻ አልሰማም። ራሱን ግን ነቀነቀልኝ።