ስፖንጅ ሞተር ሲመርጥ

የሞተር ሳይክሉን ወንበር ገልብጦ ጭኑ ላይ ያጋድመዋል። በካቻቪቴ ጫፍ የዛጉትን የስቴፕለር ሽቦዎች አንድ በአንድ ይነቅልና ቆርቆሮ ውስጥ ይጥላቸዋል፤ መሬት ላይ ቢጥላቸው ነገ የሚወጉት እሱኑ ነው። አሮጌውን ልባስ እንደ በግ ቆዳ ገፎ ያነሳዋል። ቀጥሎ ስፖንጁን በአውራ ጣቱ ይጫናል። ሰርጉዶ ቶሎ ከተመለሰ ይተወዋል፤ ሰርጉዶ ከቀረ ያንን ቦታ ቆርጦ ይጥላል። ቢላዋውን በውሃ ያርሳል፤ በደረቅ ቢላዋ የተቆረጠ ስፖንጅ አይጥ የበላው ይመስላል። ማስቲሹን ቀብቶ ወዲያው አይለጥፍም፤ በእጁ ጀርባ ነካ እያደረገ እጁ ላይ መጣበቁን እስኪተው ይጠብቃል። ከዚያ አዲሱን ሌዘር ከአፍንጫው ይይዝና ወደ ጭራው ይወጥራል። ጎኖቹ የሚመቱት መጨረሻ ላይ ነው። የተጨማደደ ወንበር ከእጁ ወጥቶ አያውቅም።

ሰፈሩ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ትቶ ስፖንጅ ይለዋል። አጭር ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ እግሩ ደግሞ ደረቱ ከተሠራ በኋላ በተረፈ ዕቃ የተሠራ የሚመስል። የሞተር ወንበር ሲያለብስ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሞተር ግን ነድቶ አያውቅም ነበር። ይህ ሞተረኞችን ከመናቅ አላገደውም።

«ሞተረኛ በምኑ እንደሚያስብ አውቃለሁ» ይላል፤ «እሱን ማስቀመጫ ነው የምሠራለት።»

ንቀቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። አንዱ ፍሬኑ ብረት ለብረት እየተፋጨ ይመጣና ወንበሩ በቀይ ክር ይሰፋልኝ ይላል። ስፖንጅ ቀና ብሎ ያየዋል። «በቀይ እሰፋልሃለሁ፤ አስከሬንህ ላይ ያምራል።» ሌላው ሞተሩን የገዛው የአጎቱ ልጅ ተደግፎት ፎቶ ተነስቶ ስላማረበት ነው። ማርሽ ስንት እንዳለው ቢጠየቅ አያውቅም። ስፖንጅ እነዚህን ሁሉ ሲሸኝ ምራቁን እንትፍ ይላል።

ባለቤቱ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት። ሆስፒታሉ ከከተማ ወጣ ብሎ ወደ ተሠራው ሕንፃ ሲዛወር ማለዳ የሚያደርሳት ሚኒባስ ጠፋ። ደጋግማ አረፈደች። አለቃዋ ጠራትና «ከእንግዲህ አንድ ቀን ካረፈድሽ ቦታሽን የሚፈልግ ሞልቷል» አላት። ቤቱን የሚያቆመው ደግሞ የእሷ ደመወዝ ነው፤ የወንበር ሥራ አንድ ሳምንት ይጎርፋል፣ አንድ ወር ይደርቃል።

ስፖንጅ ማታ ራት ላይ «ሞተር እገዛለሁ። እኔው አደርስሻለሁ» አላት።

«አንተ? ብስክሌት የጣለህ ሰውዬ?»

«ያኔ ልጅ ነበርኩ።»

«ከሠርጋችን በኋላ ነው እኮ።»

ያም ሆኖ ማሠልጠኛ ገባ። በማሠልጠኛው ትንሽ ሞተር ደልዳላ ሜዳ ላይ በርሜል ሲዞር ከረመና መንጃ ፈቃዱን ያዘ። ከዚያ ጎረቤቱን መካኒኩን አስከትሎ ያገለገሉ ሞተሮች ወደሚሸጡበት ግቢ ሄደ።

ደላላው ሁለት ሞተር አቆመለት። አንዷ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ የነዳት፣ ዝቅ ያለች መቶ ሃያ አምስት ሲሲ ናት። ቀለሟ የደረቀ ጭቃ ይመስላል፤ ሞተሯ ግን በአንድ ርግጫ ይነሳል። ሌላው ረጅም፣ ጎማው ወፍራም፣ የገጠር መንገድ የሚበላ ነው። ቆሞ እንኳ ሰው ይንቃል።

መካኒኩ ጨዋታ አያውቅም። «ስማ ስፖንጅ፤ ጀማሪ ሞተር ሲመርጥ ሁለት ነገር ይበቃዋል። ተቀመጥና ሁለቱም የእግርህ መዳፍ መሬት ይንካ። ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሳ፣ እንደተቀመጥክ በእግርህ ወደ ኋላ ግፋው። ካልተገፋልህ ያንተ አይደለም። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።»

ስፖንጅ ትንሿን ቀርቦ አየ። የተቀመጠባት ዓይኑ ብቻ ነው። «ይህን ስፌት አየኸው? ጎኑ ተጨማዷል። ይህን የሰፋ ሰው ጆንያም አይስፋ። ባለቤቷ ለወንበሯ እንዲህ ከሆነ ለሆዷማ እንዴት ሆኖ ይሆን?»

«ሆዷን እኔ አየሁት፤ ደህና ናት።»

«አንተ ዘይት ነው የምታየው።»

ወደ ረጅሙ ዞረ። የፋብሪካ ወንበሩ አንዲት እጥፋት የላትም። በእጁ መዳፍ እያሻሸ ዞረው። ከዚያ እንደ ምንም ተንጠላጥሎ ወጣበት፤ መሬት የነካለት የአንድ እግሩ አውራ ጣት ነው። ወደ ኋላ ለመግፋት ሞከረ፤ ሞተሩ ንቅንቅ አላለም።

መካኒኩ ክንዱን ይዞ አወረደው። «ራስ ሳይጠና ጉተና አሉ። ተወው።»

«ወንበሩን ቆርጬ አወርደዋለሁ። ሥራዬ ምን መሰለህ?»

ደላላው የሚጠብቀው ይህንን ነበር። «ጋሼ ባለሙያ ናቸው፤ ባለሙያ ይግዛው እንጂ ማን ይግዛው?» አለ፤ ስፖንጅም እንደ ዶሮ አንገቱን አቀና። መልክ አይቶ በሚገዛው ሲስቅ የኖረ ሰው ስፌት አይቶ ገዛ።

ቤቱ እንደደረሰ ቢላዋውን አርሶ ሥራ ጀመረ። የነጂውን ቦታ ጎድጎድ አድርጎ ቆረጠ፣ ተቀመጠ፤ የእግሩ ጣቶች ብቻ ደረሱ። ደግሞ ቆረጠ፤ ግማሽ እግሩ ደረሰ። ከስር ብረቱ እስኪቆረቁረው ቆርጦ «ይኸው ነካሁ» አለ። የኋላውን የባለቤቱን ቦታ እንዲመቻት ብሎ አልነካውም። ስለዚህ እሱ ጉድጓድ ውስጥ፣ እሷ ሰገነት ላይ ሆኑ።

መካኒኩ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ክብደቱንስ በምን ትቆርጠዋለህ? ሰው ከላይ ስትጭንበት ደግሞ ይብስበታል።»

«ቅናት ነው» አለ ስፖንጅ።

በማግስቱ ማለዳ ሄልሜታቸውን አጥልቀው ወጡ። ደልዳላው መንገድ ላይ ሞተሩ እንደ ጀልባ ተንሳፈፈ። ስፖንጅ አንዴ ዘወር ብሎ «እንዴት ነው?» አለ፤ እሷ «ፊትህን ወደ ፊት አድርግ» አለችው። ከሆስፒታሉ በታች ካለው ዳገት ሲደርሱ አሸዋ የጫነ መኪና መስቀለኛውን ዘጋው። ስፖንጅ ፍሬን ያዘ፤ ሞተሩ ቆመ። የግራ እግሩን ዘረጋ። መንገዱ ግን በዚያ በኩል ወደ ቦዩ ያዘነብላል፤ ቤቱ በር ላይ መሬት የነካው እግር እዚህ አየር ነካ።

አወዳደቃቸው እንኳ ክብር አልነበረውም። ሞተሩ እንደ ሰካራም ሽማግሌ ቀስ ብሎ፣ እያሰበበት ተጋደመ። እሷ ከሰገነቷ ቦዩ ዳር ሣር ላይ ተንከባለለች። እሱ ከስር እግሩን ጎትቶ ወጣና ሊያነሳው ታገለ። ሞተሩ አልተነሳም፤ ቤንዚኑ እየተንጠባጠበ ዝም ብሎ ተኛ። አሸዋ የጫነው መኪና ሾፌር በመስኮት አይቶት ጥርሱን እየፋቀ ሄደ።

ባለቤቱ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። ክርኗ ተልጧል እንጂ ደህና ናት። ፈገግም አላለችም፣ አልተቆጣችምም። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» አለችና ወደ መንገዱ ወጣች።

ዳቦ አከፋፋዩ በትንሽ ሞተር ከኋላ ቅርጫት ጭኖ እየመጣ ነበር። እጇን አነሳች።

«ሆስፒታል ነህ ወንድሜ?»

«አዎ እትዬ፤ ግን ዳቦው...»

«ዳቦውን እኔ አቅፈዋለሁ።»

ቅርጫቱን አቅፋ ከኋላው ተቀመጠች። ዳቦ አከፋፋዩ እግሩን መሬት ላይ አደላድሎ ጠበቃት፤ ዳገቱን እየተንተፋተፉ ወጡ። ስፖንጅ ሚስቱን ሌላ ሰው ሲያደርስለት ቦይ ዳር ቆሞ አየ። በሰዓቷ ገባች።

ማታ ስትመለስ የጠየቀችው አንድ ቃል ነው። «ነገስ?»

በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ባሉት ቀናት እሷ ከዳቦ አከፋፋዩ ጋር ሄደች። ስፖንጅ ረጅሙን ሞተር እየገፋና እያረፈ ወደ ግቢው መለሰው። ደላላው ጎድጓዳውን ወንበር ሲያይ ፊቱን አጨማደደ።

«ይህን ምን በላው?»

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

«እኔማ ከብት መስሎኝ ነው፣ ጋሼ።»

ኪሳራውን ውጦ ትንሿን ወሰደ። ተቀመጠባት፤ ሁለቱም የእግሩ መዳፍ መሬት ላይ ተኛ። ወደ ኋላ ገፋት፤ እንደ ጋሪ ሄደችለት። መካኒኩ ክንዱን አጣምሮ ያያል።

«አንድ ነገር ተናገርና ልግደልህ» አለ ስፖንጅ።

«እኔ ምን አልኩ?» አለ መካኒኩ።

ባለቤቱ ግን ሞተሯን በማየት ብቻ አልተረታችም። የዱቄት ከረጢት አወጣችና ከኋላ አሰረችው። «መጀመሪያ ይህን አድርሰህ መልስ። ያቺ ዳገት ላይ ቁም፣ ተነስ፤ ቁም፣ ተነስ። ከረጢቱ ሳይቀደድ ከመጣ እኔም እመጣለሁ።»

ስፖንጅ ከረጢት ይዞ ዳገቱ ላይ ይቆማል፣ ይነሳል። የዱሮ ደንበኞቹ በአጠገቡ እያለፉ ወደ ከረጢቱ እየጠቆሙ «እቴጌን ሰላም በልልን» ይሉታል፤ ባለ ቀይ ክሩ ሳይቀር። እነሱን ዛሬም ይንቃቸዋል። ቦዩ ዳር ሲደርስ ከፍ ባለው በኩል እግሩን ማውረድ ለመደ። ፍሬኑን ሳይለቅ ጋዝ ሰጥቶ መነሳት ለመደ። ከረጢቱም ሳይቀደድ ገባ።

አንድ ማለዳ ባለቤቱ የዳቦ አከፋፋዩን «ዛሬ ቅርጫትህ ይመቸው» ብላ ሸኘችውና ከስፖንጅ ኋላ ተቀመጠች። ዳገቱ ላይ ቆሙ፤ እግሩ መሬት አገኘ፤ ተነሱ። በሩ ላይ ሲያወርዳት «ቀስ ብለህ ተመለስ» አለችው። ከእሷ ይህ ምርቃት ነው። ስፖንጅ የትንሿን ሞተር የተጨማደደ ስፌት እስካሁን አልቀየረውም። «ይታይ ብዬ ነው» ይላል፤ ለምን እንደሆነ አያብራራም።

አሁን ያለው ችግር ሌላ ነው። ዳገቷን በአንደኛ ማርሽ፣ ዳር ይዞ፣ እንደ ኤሊ ነው የሚወጣት። ከኋላ መኪና ጡሩንባ ሲነፋ ባለቤቱ ትደነግጥና በሁለት እጇ አንገቱን ታንቀዋለች። ታሪኩን ልጽፍ እንደሆነ ስነግረው ያዘዘኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለሚያነቡት ንገርልኝ። ከሆስፒታሉ በታች ባለችው ዳገት፣ ጭቃ የመሰለች ሞተር ላይ አጭር ሰውዬና ሚስቱን ካዩ፣ መንገዱ ለሁላችንም ይበቃል፤ ዝም ብለው ይለፉን። ጡሩንባ እንዳይነፉብን። እባካችሁ፣ ገና እየተማርኩ ነው።»